በሬን ሳያንኳኩ ማሞቂያዬን ለፈተሹልኝ ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የጋዝ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የደኅንነት ፍተሻ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሦስት ዓመት በተከታታይ ተፈትሾ አንድ ቀንም ስላልታየ ማሞቂያ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ቢሮዎን የሚያሞቀው ያ ትልቅ ማሞቂያም በደኅና እንደምትገኙ ተስፋዬ ነው። ባለፈው ወር ከደጅዎ ቆሜ ሳለሁ በመስታወቱ በኩል እንዳየሁት የእርስዎ ማሞቂያ ነበልባሉ ሰማያዊና ጸጥ ያለ ነው፤ ከጎኑ የተንጠለጠለው የፍተሻ ካርድም በቅርቡ የተሞላ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ማሞቂያ መፈተሽ እንደሚችል በዓይኔ ያረጋገጥኩት ያን ጊዜ ስለሆነ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

እኔ በማተሚያ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት መጽሐፍና መዝገብ ስጠርዝ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ሚስቴን ከቀበርኩ ሁለት ዓመት ተኩል የሆነኝ ሰው ነኝ። በእጄ ያለፈው መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ያነበብኩት ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የጎደለ ነገር ቢያገኙ እንደ ልማዳችሁ ሞልታችሁ አንብቡልኝ። በጋዜጣ ማውጣቴንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በመስኮት ቁጥር ሦስት ባስገባው «ታይቷል» ተብሎ ሳይታይ ይቀራል ብዬ ሰግቼ ነው።

ለምን እንደምጽፍልዎ በአጭሩ ልናገር። ልጄ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ ወደ እኔ ትመጣለች። ባሏ ለሥራ ሩቅ ስለሄደ የብርዱን ወራት ከእኔ ጋር ልታሳልፍ አስባለች። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፤ ማሞቂያ ያለው በአንደኛው ብቻ ነው፤ ሕፃኗ የምትተኛውም እዚያው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ምስጋና ነው።

አንደኛ፣ የቀድሞውን ባለሙያ በጡረታ አሰናብተው ስለገላገሉን አመሰግናለሁ። እኛ ባለ ብሩሹ እንለው ነበር። ይህ ሰው በየዓመቱ ብርዱ ከመግባቱ በፊት አንድ ጠዋት ይመጣና የቤቱን ሰላም ይነሣ ነበር። አሮጌ ጋዜጣ ወለሉ ላይ ዘርግቶ ይንበረከካል፤ የማሞቂያውን ፊት ፈትቶ ጥቀርሻውን በብሩሽ ይጠርጋል፤ በግድግዳው ግርጌ ካለችው የአየር መግቢያ ቀዳዳ አጠገብ ቀጭን ወረቀት ይዞ ነፋሱ ወረቀቱን ሲያንቀሳቅሰው እስኪያይ ድረስ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ቀጥሎ ትንሽ ሬዲዮ የምታህል መለኪያ አውጥቶ፣ ሽታ የሌለው መርዝ በቤቱ አየር ውስጥ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ፣ ዓይኑን ከቁጥሯ ሳይነቅል ይቀመጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ጥያቄው አያልቅም፤ ማሞቂያው ሲበራ ራሳችሁን ያምማችኋል ወይ፣ መስኮታችሁ ያልበዋል ወይ፣ ከቤት ወጣ ስትሉ ይሻላችኋል ወይ እያለ ያደርቀናል። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሐኪሙ የሚል ስም አውጥታለት ነበር።

በመጨረሻም ካርዱንና የመዝገቡን ገጽ አውጥቶ ያስፈርማታል። ባለቤቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነበር። ሐምራዊው ቀለም ለሦስት ቀን ከጣቷ ስለማይለቅ፣ ይህ ሰው የሚመዘግበው ማሞቂያውን ነው ወይስ እኔን እያለች ትስቅ ነበር። በማሞቂያዬ ጎን በተንጠለጠለው ካርድ ላይ የዚያች ጣት ምልክት ሁለት ቦታ አለ። ከዚያ በታች ያለው መስመር ሁሉ ባዶ ነው፤ ከባለ ብሩሹ በኋላ በሬን ያንኳኳ የእናንተ ሰው የለምና። በጥያቄ የሚያደርቀን በመጥፋቱ ምን ያህል እንዳረፍን እርስዎ ራስዎ ይገምቱት።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር የሕፃኗን አልጋ የት እንደማስቀምጥ ክፍሉን ስለካ ልቤ ጠረጠረ። የማሞቂያው ነበልባል ቢጫ ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ቢጫ ከሆነ ሰንብቷል፤ እኔ ግን ቢጫው እሳት ይበልጥ የሚያሞቅ፣ ሰማያዊው የደከመ ይመስለኝ ነበር። ከማሞቂያው በላይ ያለው ግድግዳም ጠቁሯል፤ እሱንም የቤት እርጅና ነው ብዬ በጨርቅ ስጠርገው ኖሬያለሁ። በዚያ ቀን ግን ሜትሬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ቀጥሎም ከመንገዳችን ማዕዘን ሱቅ ያለውን ምድጃ ጠጋኝ ጠራሁት።

ሰውየው እንደገባ ማሞቂያውን አጠፋ፤ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ሰላምታ የሰጠኝ ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ በግድግዳው ግርጌ ተንበርክኮ የአየር መግቢያዋን ቀዳዳ ፈለገ፤ አጣት። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ በጥፍሩ ቧጨረው፤ ቀና ብሎም አየኝ።

«አባባ፣ ይህችን ቀዳዳ የደፈናት ማነው? እንዲህ አድርጎ የሚደፍን ወይ ጠላት ነው ወይ ባለሙያ።»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ክቡር ሆይ፣ አልዋሽዎትም፤ እኔ ነኝ። ባለቤቴ በመጨረሻው ዓመቷ፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ከዚያች ቀዳዳ የሚገባው ነፋስ እግሯን እያቀዘቀዘ አስቸገራት። ያን ጊዜ ገና ሥራ ላይ ስለነበርኩ ከማተሚያ ቤቱ ወፍራም ካርቶን አመጣሁ፤ በቀዳዳዋ ልክ ቆረጥኩት፤ ለመዝገብ ጀርባ የምንጠቀምበትን ጨርቅ አለበስኩት፤ በሙጫ አጣብቄ ጠርዙን የወረቀት እጥፋት በማለሰልስበት የጠራዥ አጥንቴ አሸሁት፤ በላዩም የግድግዳውን ቀለም ቀባሁበት። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ጥብቅ ያለ ነገር ጠርዤ አላውቅም። ባለቤቴ እጅህ ይባረክ አለችኝ፤ እኔም ኮራሁ። ቀዳዳ ያለ ምክንያት በግድግዳ ላይ እንደማይበሳ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን በየዓመቱ የሚናገረው ሰው ጡረታ ወጥቷል።

ምድጃ ጠጋኙ ካርቶኑን በመሮ ፈልፍሎ ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀበት፤ እየፈለፈለም ሙያዬን ረገመው። ማሞቂያውን ግን ሊያበራልኝ ፈቃደኛ አልሆነም። የጭስ ማውጫው ቱቦ የሚያልፍበት ማኅተም የእናንተ ስለሆነ እሱ ሊከፍተው አይችልም፤ አየሩን የምትለካው መሣሪያም የለችውም። የጽሕፈት ቤቱ ሰው መጥቶ ቱቦውን ሳያይና ሳይለካ እንዳላበራው አስጠንቅቆኝ ሄደ። እኔም በማግስቱ ኮቴን አስተካክዬ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ።

ሦስተኛ፣ በመስኮት ቁጥር ሦስት የተቀመጡትን ወጣት ጸሐፊ አመሰግናለሁ፤ እሳት የላሱ ናቸው። ቤቴ ለሦስት ዓመት አልተፈተሸም ስላቸው መልስ እንኳ ሳይሰጡኝ መዝገቡን አወጡ፤ የቤቴን ገጽ ገልጠው ወደ እኔ አዞሩት። አምስት መስመር አለው። በላይኞቹ ሁለት መስመሮች የባለቤቴ ሐምራዊ ጣት አለ። በታችኞቹ ሦስት መስመሮች፣ በሦስት የተለያዩ ዓመታት ቀን፣ አንድ ዓይነት ቃል ተጽፏል፦ ነበልባል ደኅና፣ ቱቦ ንጹሕ፣ የአየር መግቢያ ክፍት፣ ነዋሪዋ በአካል ተገኝተው ፈርመዋል።

እዚህ ላይ ስለ ወረቀትና ስለ ቀለም ጥቂት ብናገር ይፍቀዱልኝ፤ በሌላው ነገር አላዋቂ ነኝ፣ በዚህ ግን አትምጡብኝ። የመጀመሪያው ዓመት መስመር የተጻፈበት ጥቁር ብዕር ወደ መጨረሻው እየነጣ ይሄዳል። በሁለተኛው ዓመት መስመር ላይ ደግሞ ይበልጥ ነጥቶ «ንጹሕ» ከሚለው ቃል እኩሌታ ላይ ቀለሙ ያልቃል፤ የቃሉ ቀሪ በሰማያዊ ተጽፏል፤ ሦስተኛውም ዓመት በዚያው ሰማያዊ ቀጥሏል። ክቡር ሆይ፣ ለአንድ ማሞቂያ ብቻ የተመደበ፣ ሌላ ሥራ የማይሠራበት፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈት ብዕር ካላችሁ ቁጠባችሁን አደንቃለሁ። ከሌላችሁ ግን ሦስቱ ዓመታት ያለፉት በአንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ጸሐፊዋ ገጹን ፈጠን ብለው ሲገለብጡትም በላዬ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን የልብስ ሰፊዋን ገጽ በጨረፍታ አየሁ፤ በእሱም ላይ ጥቁሩ እያለቀ ሰማያዊው ሲተካ ነበር። ልብስ ሰፊዋን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ለሦስት ዓመት ማንም እንዳልመጣባቸው ነገሩኝ፤ ራሳቸውን ሻሽ አስረው ነበር፤ ከቤት ውለው ሲሰፉ ራስ ምታቱ ጥርቅም አድርጎ እንደሚይዛቸውና ክር ለመግዛት ወጣ ሲሉ እንደሚለቃቸው እየሳቁ አጫወቱኝ። እኔ አልሳቅሁም። በሕንፃችን ሃያ አራት ቤት አለ።

አራተኛ፣ ስለ ፊርማው የማቀርበው ምስጋና ከሁሉ የበለጠ ነው። በሦስቱም መስመሮች መጨረሻ፣ በባለቤቴ ስም፣ ጭራው እንደ ወይን ሐረግ የተጠመዘዘ ቆንጆ ፊርማ አለ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ፊደል ላስተምራት ሞክሬ ነበር፤ ካረጀሁ ወዲያ አታድክመኝ ብላ ተወችው። እናንተ ያን አድካሚ ሥራ በነፃ ሠርታችሁልኛል። ይልቁንም ከሦስቱ ፊርማዎች ሁለቱን የፈረመችው ከሞተች በኋላ ነው። በመዝገብዎ እንደተጻፈው ከተቀበረች በስምንተኛው ወርም፣ እንደገናም በሃያኛው ወር፣ እኔ ውስጥ እያለሁ ሳላያት ተነሥታ በር ከፍታ፣ ባለሙያችሁን አስገብታ፣ ቀዳዳዋ ክፍት መሆኗን አሳይታ ፈርማለታለች። እኔ በዚያው ክፍል ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። ቅር ያለኝ ይህ ብቻ ነው።

ይህ ፊርማ የባለቤቴ አይደለም ብዬ ለጸሐፊዋ በትሕትና አስረዳሁ። እሳቸውም በትሕትና ደንቡን አስረዱኝ። በመዝገቡ መሠረት ቤቴ ዘንድሮ የተፈተሸ ስለሆነ እስከሚመጣው ዓመት ዳግም ሊፈተሽ አይችልም፤ ፍተሻው አልተደረገም የሚል አቤቱታ ካለኝ ደግሞ ማቅረብ ያለብኝ እኔ ሳልሆን ፈራሚዋ ናቸው።

«ፈራሚዋ መታወቂያቸውን ይዘው በአካል ይቅረቡ» አሉኝ።

ልትመጣ አትችልም አልኳቸው። እንግዲያው ውክልና ይስጡዎት አሉኝና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠሩ።

ክቡር ሆይ፣ ሞታለች ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቃሉ አልወጣልኝም። በኋላ መንገድ ላይ ለምን እንደሆነ ራሴን መረመርኩ፤ ያገኘሁትም የሚያኮራ አይደለም። በዚያ ገጽ ላይ «በአካል ተገኝተው» የሚለውን ሳነብ ለአንዲት ቅጽበት ደስ ብሎኝ ነበር። ሚስቴ አሁንም በር የምትከፍትበት፣ ሰው ግባ የምትልበት አንድ ቦታ በዓለም ላይ መኖሩ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ስለዚያች ቅጽበትም አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ቅኔ የለውም።

አምስተኛውን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ቁጥሩን ጽፌ እየተነሣሁ ስሄድ ሰነበትሁ።

ባለቤቴ በዚያ በመጨረሻው ብርድ፣ እኔ ቀዳዳዋን ከደፈንኩ በኋላ፣ ማሞቂያው ሲበራ ራሷን ያማት ነበር። ያቅለሸልሻታል፤ ልቧ ይመታል። ለጸሎት ወጥታ ደጅ ስትቆም ይሻላታል፤ እኔም ይህን የጸሎቱ በረከት ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም በረከት አልነበረም አልልም። ስትመለስ፣ ልብሷን ሳታወልቅ ከማሞቂያው አጠገብ አስቀምጣታለሁ። ሞቃት ነው? እላታለሁ። ሞቃት ነው ትለኛለች። መስኮቱ በላብ ይወርዝ ነበር። የባለ ብሩሹ ሦስት ጥያቄዎች፣ ሦስቱም፣ ቤታችን ውስጥ ተቀምጠው መልስ ይጠብቁ ነበር፤ የሚጠይቃቸው ግን አልነበረም።

ሐኪሙ የልብ ሕመም ነው ብሎ ጽፏል፤ ልቧም ቀድሞ ደካማ እንደነበር አውቃለሁ። ሊሆን ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እርስዎም አይደሉም፤ አሁን ማንም ሊለካው አይችልም። እኔ ቀዳዳውን ደፈንኩ፤ እናንተ ክፍት ነው ብላችሁ ጻፋችሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ በየጠዋቱ ፈጣሪን እጠይቃለሁ፤ ድርሻዬን ለማንም ላሸክም አልፈልግም። ቤቴን ጠብቅልኝ እያልኩ ስጸልይ በኖርኩበት ክፍል ውስጥ የደፈንኳት ቀዳዳ ከጉልበቴ አንድ ክንድ እንኳ አትርቅም ነበር። ይህ የእኔ ነው። ነገር ግን በዚያ ዓመት አንድ ሰው መጥቶ ወረቀቱን ከቀዳዳዋ አጠገብ ቢይዝ ኖሮ ወረቀቱ አይንቀሳቀስም ነበር። ይህ ደግሞ የእናንተ ነው፤ የእኔን ስወስድ እሱን አብሬ መውሰድ አልችልም።

ይህን ሁሉ ልጄ በጋዜጣ እንድታገኘው አልፈለግሁምና አስቀድሜ በስልክ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። የሕፃኗ ትንፋሽ ሲመጣ ሲሄድ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

«አባዬ፣ አሁን መስኮቱ ክፍት ነው?» አለችኝ።

ክፍት ነው አልኳት። ትመጣ ወይም ትቀር እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ሕፃን ወደዚህ ክፍል ነይ ብዬ የምጠራበት አፍ የሚኖረኝ የቤቱ አየር ሲለካ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ካሳ አልጠይቅም፤ ማንም ከእንጀራው እንዲነሣ አልሻም፤ ብዕሩ ያለቀበት ሰውም ልጆች ይኖሩት ይሆናል። የምለምነው ጉልበት ያለው አንድ ሰው ነው። መጥቶ ይንበርከክ፤ ቱቦውን ይክፈት፤ ቀዳዳዋን ይይ፤ መለኪያውን አውጥቶ ይቀመጥ፤ በጥያቄም ያድርቀኝ። ከእኔ ሲወጣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ይውጣ፤ ከዚያም ወደ ቀሩት ሃያ ሁለት ቤቶች። እስከዚያው ጋዜጣውን የሚያነቡ ወንድሞቼና እህቶቼ ነበልባላቸው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ የቤታቸው ቀዳዳ የት እንደገባ፣ ካርዳቸው ላይ የመጨረሻው ፊርማ የማን እንደሆነ ተነሥተው ቢያዩ ጽሕፈት ቤትዎ እንደማይቀየም ተስፋ አለኝ፤ በእናንተ ሥራ የገባ የለምና።

ወንበርዎ ሳይነቃነቅ የከተማውን ማሞቂያ ሁሉ የሚያዩበትን ዓይን ያቆይልዎ፤ መዝገብዎ አይጉደል፤ ብዕርዎ አይንጣ፤ ነበልባልዎም እስከ መጨረሻው ሰማያዊ ይሁን እያልኩ፣ መስኮቴን ከፍቼ፣ ካፖርቴን ለብሼ፣ የበሬን መንኳኳት በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ሙያውን ለክፉ ያዋለ ጡረተኛ መጽሐፍ ጠራዥ
(አድራሻዬ በመዝገብዎ ውስጥ፣ ከባለቤቴ ቆንጆ ፊርማ በላይ ይገኛል።)

ሳልጽፈው የቀረ፦ ምናልባት ጊዜ አጥሯችሁ እንደ ልማዳችሁ ለሚመጣውም ዓመት ባለቤቴን አግኝታችሁ የምታስፈርሙ ከሆነ፣ ባለሙያዎ አውራ ጣቷን አይቶ ሐምራዊው ቀለም ለቅቆላት እንደሆነ ይንገረኝ። በዚያውም ከእኔ አንድ ቃል ያድርስልኝ፤ ቀዳዳዋን ከፍቻታለሁ።